መርሳ፦ አናቱ ላይ ነጭ ነጥብ

ከደሴ ወደ ወልድያ ስንጓዝ ውርጌሳን አልፈን መርሳ ላይ ሙቀቱ ተቀበለን። መንገደኛው ሁሉ ብርቱካንና ማንጎ ሊገዛ ይወርዳል። እኔን ያስቀረኝ ግን ከከተማው ወጣ ያለ አንድ ጓሮ ነው።

በጉርድ ገንቦ ውስጥ፣ ጤፍ ጭድ ላይ የተቀመጠች ዶሮ ሃያ አንድ ቀን ታቅፋ ሌሊቱን ፈልፍላለች። የቤቱ እመቤት እጃቸውን ከክንፏ ሥር እየሰደዱ ጫጩቶቹን አንድ በአንድ መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። «ይቺ ቄብ ትሆናለች፤ ይሄ አውራ ነው፤ ይሄ ደግሞ ሲያድግ ቀይ ይወጣዋል።» ላባ የሚባል ነገር ገና ያልበቀለበት ጫጩት!

«እትዬ፣ በምን አወቁት?»

«አብሽር የኔ ልጅ፣ ጠጋ ብለህ እየው» አሉና ያንዱን ጥቁር ጫጩት አናት በአውራ ጣታቸው ገለጥ አደረጉልኝ። መሐል አናቱ ላይ፣ ጫፉ ደብዘዝ ያለ ነጭ ነጥብ። የእህቱ አናት ግን ድፍን ጥቁር ነው።

እናትየዋ ዝግርማ ናት፤ ክንፏ ላይ ጥቁርና ነጭ በመስመር ይፈራረቃል። ደቡብ አፍሪካ፣ ፖቸፍስትሩም ውስጥ ከወጣው የኮኮክ ዝርያ የተዳቀለች ናት። አባትየው የሰፈሩ ቀይ አውራ ነው። ምስጢሩም እዚህ ላይ ነው። የጫጩቱን አናት ነጭ ነጥብ የሚያወጣው ይኸው የመስመሩ ዘረመል የተቀመጠው ዜድ በሚባለው የፆታ ክሮሞሶም ላይ ነው። ሴት ዶሮ ያላት አንድ ዜድ ብቻ ሲሆን፣ እሱንም የምታወርሰው ለወንዶች ልጆቿ ነው። ስለዚህ ከጥቁሮቹ መካከል አናቱ ላይ ነጥብ ያለው ሁሉ ወንድ ነው። ካምብሪጅ ውስጥ የዘረመል ተመራማሪዎቹ ፑኔትና ፒዝ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በዚሁ ዘረመል ተጠቅመው፣ ካምባር የተባለ፣ በተፈለፈለ ዕለት ፆታው በቀለሙ የሚለይ ዝርያ አውጥተዋል። እትዬ የደረሱበት ጓሯቸውን እያዩ ነው። ይህን ሳስብ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ጀርባቸው ላይ ቡናማ ሰረዝ የተጋደመባቸውም አሉ። የእስያው ቀይ የጫካ ዶሮ፣ የዶሮዎች ሁሉ የሩቅ አያት፣ ጫጩቶቹ እንዲሁ ናቸው። ቀይ ይወጣዋል የተባለውም ከነዚህ አንዱ ነው። አንደኛው ደግሞ አንገቱ ራቁቱን ነው። ለመላጣ አንገት ከወላጆቹ የአንዱ ዘረመል ይበቃል፤ ሙቀት ለመቋቋምም ስለሚረዳ ለእንዲህ ያለ ቆላ ይስማማል። አናቱ ላይ ጉትያ ያለውና ጉትያ የሌለው እባብ ራሱም ከወዲሁ ይለያሉ።

ቀለም እዚህ ገንዘብ ነው። ለበዓል ቀይ አውራ ዶሮ ይፈለጋል፣ ጥቁሩን ብዙ ሰው አይገዛውም፤ ነጩን ደግሞ፣ እትዬ እንደሚሉት፣ ጭላት ቀድሞ ያየዋል። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ፣ የዶሮ ብዜት ማዕከሉም ኮምቦልቻ ነው። ጫጩት የሚያራቡና የሚያከፋፍሉ ባለሙያዎች እንደ እትዬ ካሉ እናቶች ጎን ቁጭ ብለው ይህን እውቀት ቢመዘግቡት ምንኛ በወደድሁ!

አንዱን ግራጫ ጫጩት ግን እትዬ ደጋግመው ቢያገላብጡትም አልወሰኑም። «ገብስማም ይሆናል፣ ወሰራም ይሆናል። የክንፉ ላባ ሲወጣ ነው የሚታወቀው።» የክንፍ ላባ በመጀመሪያው ሳምንት ብቅ ይላል። ከወልድያ ስመለስ እንደምገባ ነግሬያቸው ተነሣሁ።