ምስክር ፍለጋ ወደ ጋይንት

በመካነ ኢየሱስ ልጅነታችን «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ ከበር ሲሰማ ውሻችን ይነሣል፤ ተማሪውም ዱላውን ያዘጋጃል። አኩፋዳውን በግራ ትከሻው አንግቶ፣ ደበሎውን ጎተት አድርጎ፣ ቁራሽ እንጀራውን ተቀብሎ ሲሄድ «ወዴት ነህ?» ብለው ብዙ ጊዜ መልሱ አንድ ነው፦ ጋይንት።

ጋይንት ምን አለ? ቤኔዲክቶስ በኢጣልያ ሞንቴ ካሲኖ ተራራ ላይ ገዳሙን በመሠረተበት በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ ትውፊታችን እንደሚለው ቅዱስ ያሬድ ከአቡነ አረጋዊና ከዐፄ ገብረ መስቀል ጋር ዙር አምባ ወጥቶ ዝማሬና መዋስዕትን ደረሰ። ለምን ተራራ ላይ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ መነኩሴ ሜዳ የወደደበት አገር የለም። የእኛዎቹማ ደብረ ዳሞን በገመድ ካልሆነ አይወጣ አድርገውታል።

በሕንጻ ከሆነ ግን እኔ እዚያው ጋይንት ላለችው ለቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን አደላለሁ። ከውጭ ላያት እንደ ማንኛውም የገጠር ደብር ክብ ናት። ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ክቡ ቤት ሌላ ቤተ ክርስቲያን አቅፎ ይገኛል፦ ባለ አራት ማዕዘን፣ የአክሱምን የሕንጻ ወግ የተከተለ፣ የመካከለኛው ዘመን የድንጋይ ሥራ። አዲስ ሲሠሩ አሮጌውን አፍርሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናወራው አልነበረንም። በ1955 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፓኬንሃም የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ደርሶ አያትና «አገኛት» ተባለ፤ መጽሐፉም በ1959 ታተመ። የዜማውን መጽሐፍ ድጓን የሚማሩት ተማሪዎች ግን በዙሪያዋ ጎጆ ቀልሰው ሲያዜሙ ስንት ትውልድ አልፏል! እነሱም ከየአገሩ በእግራቸው መጥተው ነው ያገኟት፤ ግን መጽሐፍ አላሳተሙም።

የጻፉት ሌላ ነው። ድጓ የሚማር ሰው በድሮው ሥርዓት የራሱን ድጓ በእጁ ይጽፋል። ከእያንዳንዱ መስመር በላይ እንደ ጉንዳን የተደረደሩ ጥቃቅን የዜማ ምልክቶች አሉ፤ ሊቃውንቱ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጧቸዋል። ያን ሁሉ ጽፎ፣ ያን ሁሉ አዚሞ፣ በመጨረሻ ቤተልሔም ወርዶ ዕውቀቱን ካላስመሰከረ ግን የድጓ መምህር ነኝ ማለት ይከብደዋል። ለዝማሬ መዋስዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር በአታ እንደዚያው ናቸው። ማኅተም ያላቸው መሥሪያ ቤቶቻችን እንኳ እንዲህ አይፈሩም።

በሚቀጥለው በዓል ከማኅሌት የወጡ መሪጌታ ካገኛችሁ፣ ጉልበት ከሳማችሁ በኋላ «የኔታ፣ የት አስመሰከሩ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ጊዜ ይዛችሁ ጠይቁ፤ መልሱ አጭር አይሆንም።