ክሩ ሲጠብቅ፣ ክርኔ ላላ

ይህን ጽሑፍ በግራ እጄ እየጻፍኩት ነው ብል ታምኑኛላችሁ? እሺ፣ አጋነንኩ። ግን ባለፈው ክረምት ሁለት ወር ሙሉ የቡና ስኒ በቀኝ እጄ ማንሳት አቅቶኝ ነበር። «ምን ሆነህ ነው?» ለሚለኝ ሁሉ «ስፖርት ነው» እያልኩ እኩራራ ነበር። እውነቱን ለመናገር ስፖርት አልነበረም፤ ጉራ ነው። ጉራዬ ደግሞ ቁጥር አለው፦ 29 ፓውንድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባድሜንተንን የጀመርኩት እንደ ብዙዎቻችሁ ግቢ ውስጥ ነው፤ መረባችን የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ዳኛችን ድምፁ የጎላ ሁሉ። ትልቅ ሰው ሆኜ እዚሁ አዲስ አበባ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር አዳራሽ ተከራይተን መጫወት ጀመርን። ከዚያ ዩቲዩብ መጣ። ሊን ዳን እና ሊ ቾንግ ዌይ እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ኦሎምፒክ ፍጻሜ ላይ ሲፋለሙ አየሁ። ሊን ዳን ሦስተኛውን ሴት 21 ለ 19 አሸንፎ ወርቁን ሲወስድ እኔም አብሬው ያሸነፍኩ መሰለኝ። ታላላቆቹ ተጫዋቾች ክራቸውን ወደ 30 ፓውንድ እንደሚያስወጥሩ ሳነብማ አለቀልኝ።

ሌላም ሰበብ ነበረኝ። ኳሷ በመታኋት ቁጥር ከኋላው መስመር እያለፈች አስቸገረችኝ። ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ «ክርህ ላልቶ ነው፣ አጥብቀው» አለኝ።

ራኬት የሚወጥሩልን አንድ አዛውንት አሉ። ጋሼ ነው የምንላቸው።

«ስንት ላድርግልህ?»
«29።»
«ማን ሊጫወትበት?»
«እኔ ነኛ!»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ራኬቱን ገልበጥ አድርገው ከእጀታው በላይ የተጻፈውን የውጥረት ልክ አነበቡ። ፍሬሙ ይችላል። እኔ መቻሌ ግን የትም አልተጻፈም። ወጠሩልኝ።

29 ፓውንድ ማለት እያንዳንዱ ክር በ13 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ተስቦ ታሰረ ማለት ነው። በልጅነታችሁ የሽቦ አልጋ ላይ ዘላችኋል? ላላ ያለ ክር እንደዚያ ነው፤ ኳሷ ትሰምጥና መልሶ ይወረውራታል። ኃይሉን ያግዛችኋል። የጠበቀ ክር ግን እንደ ሲሚንቶ ወለል ነው። ያሰብከው ቦታ ለመላክ የተሻለ ይታዘዛል፣ ኃይሉን ግን ከራስህ አምጣ ይልሃል። ኳሷን አሳምሮ የሚመታው የመሀሉ ቦታም ይጠባል። ከዚያ ወጣ አድርገህ ከመታህ ንዝረቱ ቀጥታ ወደ ክንድህ ነው። ሊን ዳን መሀሉን አይስትም። እኔ እስታለሁ፤ ያውም በብዛት።

ድምፁ ግን! ጧ! ሲል ጎረቤት ሜዳ ያሉት ሁሉ ዞረው ያያሉ። ለዚያ ድምፅ ስል የክርኔን ጥዝጣዜ ሦስት ሳምንት ዋጥኩት። በመጨረሻ ሐኪሙ «ቴኒስ ኤልቦ» አለኝ። የቴኒስ ራኬት ጨብጬ አላውቅም!

ካመመኝ ይልቅ ያንገበገበኝ ሌላ ነው። የመሥሪያ ቤታችን ጥንድ ውድድር ሲደርስ ባልደረባዬ ሌላ ሰው ይዞ ገባ። አልፈረድኩበትም። ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳጨበጭብ እንኳ ክርኔን ያመኝ ነበር።

ሲሻለኝ ወደ ጋሼ ተመለስኩ። ለምን እንዳስጠበቅሁት ስነግራቸው «የምትጫወቱባት ኳስ ቀለበቷ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» አሉኝ።

«ሰማያዊ።»

ሳቁብኝ። የፕላስቲኳ ኳስ ወገብ ላይ ያለው ቀለበት ለካ ጌጥ አይደለም። ቀይ ፈጣን፣ ሰማያዊ መካከለኛ፣ አረንጓዴ ዘገምተኛ ነው፤ የትራፊክ መብራት ተገላቢጦሽ በሉት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷን አይገታትም፤ ሌላ ከተማ መስመሩ ውስጥ የምታርፈው እዚህ ታልፋለች። ጥፋቱ የኳስ ምርጫ ነበር። እኔ ግን የቀጣሁት ክሩን፣ ከዚያም ክርኔን ነው።

«እሺ፣ አሁን ስንት ይሁን?» አልኳቸው፤ እንደ ተማሪ።

ለጀማሪ ከ20 እስከ 24፣ እጁ ለተፈታ ከ24 እስከ 27 እንደሚበቃ ነገሩኝ። መጨመር ያማረው በአንድ አንድ ፓውንድ ይጨምር፤ ክንዱ ካጉረመረመ ይመለስ። ክር ደግሞ ባይበጠስም ከታሰረባት ሰዓት ጀምሮ እየላላ ይሄዳል። ስለዚህ ድምፁ ሲደነዝዝ ማስቀየር ነው እንጂ ገና ለገና ይላላል ብሎ ከልክ በላይ ማስወጠር አያዋጣም።

አሁን 23 ላይ ነኝ። ኳሷ አረንጓዴ ቀለበት አላት። ጧ የሚለው ድምፅ ቀርቷል፤ ዞሮ የሚያየኝም የለም። ባልደረባዬ ግን ባለፈው ቅዳሜ ደውሎ «ትመጣለህ?» አለኝ። ስልኩን ያነሳሁት በቀኝ እጄ ነው።