በአደራ የተያዘ የባንክ ካርድ

የቤትን ገመና ወደ አደባባይ ማውጣት ለማንም ደስ የሚያሰኝ ነገር አይደለም። ነገር ግን ይህ ጉዳይ ዛሬ ከብዙ ሰው ቤት የገባ ስለ ሆነ፥ እኔም አስቀድሞ የሚመክረኝ ባገኝ ኖሮ እጠቀም ስለ ነበረ፥ የደረሰብኝን ሳልሸሽግ ለመጻፍ ቈረጥሁ።

እናቴ ከማረፋቸው አራት ዓመት በፊት ጉልበታቸው ደከመና ወደ ባንክ ሄዶ ተራ መጠበቅ አቃታቸው። አንድ ቀን ከጸሎታቸው በኋላ አስጠሩኝ፤ የመቀነታቸውን ቋጠሮ ፈትተው የባንኩን ካርድ በመዳፌ ላይ አኖሩልኝ፤ የምስጢሩንም ቁጥር በጆሮዬ ነገሩኝ። «ልጄ፥ እንግዲህ እግሬ አንተ ነህ» አሉኝ። እኔም ጉልበታቸውን ስሜ ተቀበልሁ። ስንት ብር ላወጣ፥ ለምን ጉዳይ ላውል፥ ሒሳቡንም ለማን ላሳይ እንደሚገባኝ እርሳቸው አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በእናትና በልጅ መካከል እንዲህ ያለውን ነገር ማንሣት ነውር መስሎ ታየኝ።

በአያቶቻችን ጊዜ የቤት ገንዘብ በሣጥን ይቀመጥ ነበር፤ ቁልፉም ከእመቤቲቱ እጅ አይወጣም። ሣጥኑ ሲከፈት የቤቱ ሰው ሁሉ ድምፁን ይሰማል። አደራ የሚሰጥም ሰው ሽማግሌዎች ጠርቶ በፊታቸው ቈጥሮ ያስረክብ ነበር። ካርድ ግን ሲከፍት ድምፅ የለውም። ኤቲኤም የሚባለው የገንዘብ መክፈያ መኪና የሚያውቀው ቁጥሩን ነው እንጂ ቁጥሩን የሚነካውን ሰው አይደለም።

ስለዚህ ቁጥር ነገር አንድ ታሪክ አለ። በዓለም የመጀመሪያው ተብሎ የሚነገርለት የገንዘብ መክፈያ መኪና በ1959 ዓመተ ምሕረት (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1967) በሰኔ ወር፥ ኤንፊልድ በምትባለው የሎንዶን ሰፈር በባርክሌይስ ባንክ ተተከለ። ሥራውን ያስጀመሩት ጆን ሼፐርድ ባሮን ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ ተናገሩት፥ የምስጢሩን ቁጥር ስድስት አኃዝ ሊያደርጉት አስበው ሳለ፥ ባለቤታቸው ከአራት በላይ ማስታወስ እንደማይችሉ ስለ ነገሯቸው አራት አደረጉት። እንግዲህ በአንድ ሰው ማስታወሻ ልክ የተሰፋው ቁጥር በእኛ ቤት ለሁለት ሰዎች ሆነ ማለት ነው።

በመጀመሪያው ዓመት የማወጣውን ሁሉ በደብተር እጽፍ ነበር፤ ለመድኃኒት ይህን ያህል፥ ለጤፍ ይህን ያህል፥ ለቤት ሠራተኛዋ ይህን ያህል እያልሁ። እናቴ ደብተሩን ላንብብልዎ ስላቸው «ተወው» ይሉኛል። በሁለተኛው ዓመት ደብተሩን ተውሁት። ከዚያ በኋላ በአንድ ወር ደመወዜ ቀድሞ አለቀብኝና እመልሰዋለሁ ብዬ 2,000 ብር ወሰድሁ፤ መለስሁትም። ሌላ ጊዜ 3,000 ወስጄ እኩሌታውን መለስሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን በትክክል አላስታውሰውም። ከመውሰዴ ይልቅ ያሳፈረኝ ይህ መርሳቴ ነው።

እናቴ በጥቅምት ወር በሌሊት ዐረፉ። ሲነጋ እድሩ ከሚሰጠው በላይ ለሣጥኑና ለእንግዳው ምግብ ገንዘብ አስፈለገ፤ እኔም ካርዱን ይዤ ሄድሁና መኪናው በቀን የሚፈቅደውን ያህል አወጣሁ፤ በማግሥቱም ደገምሁ። በ1952 ዓመተ ምሕረት በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካይ ሲሞት ውክልናው ይቀራል፤ እኔ ደግሞ ከመጀመሪያውም የጽሑፍ ውክልና አልነበረኝም። የቀብር ወጪ ከውርሱ የሚከፈል ቢሆንም፥ ያን ቀን ያወጣሁት ገንዘብ የእናቴ አልነበረም፤ የአምስታችን ወንድማማችና እኅትማማች ነበረ።

ከአርባው በኋላ ታላቅ እኅቴ ለብቻዬ ጠርታ፥ «ወንድሜ፥ የእናታችንን ሒሳብ ብታሳየን መልካም ነው» አለችኝ። እኔም ተቈጣሁ። አራት ዓመት ሙሉ ስመላለስ የት ነበራችሁ ብዬ የማይገባ ቃል ተናገርሁ። ቍጣዬ ግን ከንጽሕና የመጣ አልነበረም።

ፍርድ ቤት ወራሽነታችንን ካረጋገጠ በኋላ ባንኩ የሒሳቡን መግለጫ ሰጠን፤ አምስታችንም በእናታችን ሳሎን ተቀምጠን መስመር በመስመር አነበብነው። ለአብዛኛው መልስ ነበረኝ፤ ለ17ቱ መስመር ግን ምንም የምለው አጣሁ። ደምረን ብናየው 41,500 ብር ሆነ። በዚህ ጊዜ ከእናቴ ጋር ትኖር የነበረችው የእኅቴ ልጅ፥ ዕድሜዋ 12 ዓመት የሆነች፥ ከበሩ አጠገብ ቆማ፥ «እማማ እኮ ያውቁ ነበር» አለች። ገንዘብ በወጣ ቍጥር በእናቴ ስልክ ላይ መልእክት ይደርስ ኖሯል፤ ሁሉንም እርስዋ ታነብላቸው ነበር። ምን ይሉ ነበር ብለን ጠየቅናት። «‘ይሁን፥ እርሱም ልጆች አሉበት’ ይላሉ» አለችን።

እኅቴ ወረቀቱን አጥፋ፥ እናታችን ከተዉት እኛም እንተወው አለች። እኔ ግን እንቢ ብዬ ከድርሻዬ እንዲቀነስ አደረግሁ። እናቴ ማወቃቸው ሸክሙን አላቀለለልኝም፤ እንዲያውም አከበደው።

ዛሬ የእኔም ጉልበት እንደ እናቴ ጀምሮታል። ስለዚህ ለሴት ልጄ ካርዴን ከመስጠት ይልቅ፥ አብረን ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደን ከባንኩ ሒሳቤ ገንዘብ ለማውጣት ብቻ የሚያገለግል የውክልና ሥልጣን ሰጠኋት፤ ወንድሞቿም ግልባጩን ይዘዋል። እርሷ መጀመሪያ ላይ «አባባ፥ አያምኑኝም ማለት ነው?» ብላ ዐዘነችብኝ። እኔም ያን የቀድሞውን ደብተር፥ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ነጭ የቀረውን፥ አውጥቼ ሰጠኋትና ከነጩ ገጽ ጀምራ ትጽፍበት ጀመር። በየወሩ መጨረሻ ተቀምጠን እናነበዋለን። ባለፈው ወር 40 ብር ጐደለና ግማሽ ሰዓት ያህል ፈለግነው፤ ለጧፍ የተገዛበት ሆኖ ተገኘ።