ውሃ ልክና ሰም

ስለ ፑል ጠረጴዛ ጠጋኞችና ስለ መሣሪያቸው በኪነ ጥበብ መጽሔት ላይ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊሆንበት ይችላል። ፑል ቤት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ጭስ፣ ጫጫታና ከትምህርት ገበታው የቀረ ወጣት ነው፤ ከመምህራንም መካከል ቃሉን ሲሰማ ግንባሩን የማይቋጥር ጥቂት ነው። እኔ ግን ኑሮዬ ከመድረክ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ማናቸውም ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ወለሉን ማን እንዳበጀው መጠየቅ ልማዴ ነው። ለተዋናዩ ሲጨበጨብ አናጢው ከመጋረጃው በስተጀርባ መዶሻውን ይሰበስባል። የፑል ጠረጴዛ ጠጋኝም እንዲሁ ነው። ሥራው የሰመረ እንደሆነ ማንም አያስታውሰውም፤ የሚነሣው ኳሷ ያለ ምክንያት መንገዷን የሳተች ዕለት ብቻ ነው።

ከአረንጓዴው ጨርቅ ሥር ያለው እንጨት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ደህና ጠረጴዛ የሚቆመው ግን በድንጋይ ላይ ነው፤ ይኸውም የጥንት ተማሪዎች የእጅ ሰሌዳ ይሠራበት የነበረው፣ እንደ ቅጠል እየተነባበረ የሚሰነጠቀው ግራጫ ድንጋይ ነው። የለንደኑ ጠረጴዛ ሠሪ ጆን ተርስተን እ.ኤ.አ. በ1826 በእንጨት ፈንታ ይህን ድንጋይ ያስገባው ያለ ምክንያት አልነበረም። እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ በድርቅ ይጣመማል፤ ድንጋይ ግን እንደተቀመጠ ይቆያል። መጫወቻው 254 በ127 ሳንቲ ሜትር በሆነው ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ድንጋዩ ብቻውን ከ200 ኪሎ ግራም ስለሚበልጥ፣ ለማጓጓዝ እንዲመች አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ይከፈላል። የጠጋኙም ፈተና ሦስቱን መልሶ አንድ ማድረግ ነው።

ለዚህ ተግባር ዋናው መሣሪያ ውሃ ልክ ነው፤ ነገር ግን ግንበኛ የሚይዘው ዓይነት አይደለም። የግንበኛው ውሃ ልክ ለግድግዳ ታማኝ ቢሆንም ለኳስ ይዋሻል። ጠጋኞች የሚመኩበት፣ የማሽን ተካዮች የሚገለገሉበት ሲሆን፣ በአንድ ሜትር ርዝመት ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማትሞላ ዝንባሌ ብትኖር አረፋው አንድ መስመር ይዘላል። ኃይሏ ሊያልቅ ሲል በዝግታ የምትንከባለል ኳስ ይህችን ታህል ዝንባሌ ታውቃለችና።

በሰፈራችን አንድ አሮጌ ጠረጴዛ ሲያድሱ ያየኋቸው ባለሙያ ውሃ ልካቸውን በሹራብ እጅጌ ጠቅልለው ነበር የያዙት። ረዳታቸው ሊያነሣው እጁን ሲዘረጋ «መጀመሪያ እጅህን ጥረግ» አሉት። በድንጋዩ ላይ አኖሩት፣ ተመለከቱት፣ ከዚያም ጫፉን አዙረው በዚያው ቦታ መልሰው አኖሩት። ስለምን እንደሚያዞሩት ብጠይቃቸው፣ «አስቀድሜ የምመረምረው እሱን ነው፤ ዳኛው ጠማማ ከሆነ ፍርዱን ምን አደርገዋለሁ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እግሩን በክሪክ እያነሡ፣ በድንጋዩና በእንጨቱ አቃፊ መካከል ሽብልቅ ሲያስገቡ ዋሉ። ከሽብልቆቹ አንዳንዱ ከመጫወቻ ካርታ አይወፍርም፤ እንዲያውም ሁለቱ በርግጥ የመጫወቻ ካርታዎች ነበሩ።

ቀጥሎ የመጣው ሰም ነው፤ ከንብ ቀፎ የሚገኘው፣ የምናውቀው ሰም። ድንጋዮቹ የሚገናኙበትን መስመር በጋዝ እሳት ለብ አድርገው፣ የቀለጠውን ሰም ከትንሽ ድስት አፈሰሱበት። ሲረጋ በሰፊ ስለት ከድንጋዩ እኩል እስኪሆን ፋቁት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው መጋጠሚያውን በጣታቸው ፈለጉት፤ አላገኙትም። የመኪና አካል ጠጋኞች የሚጠቀሙበትን ስቱኮ የሚመርጡም አሉ። ስቱኮ ጠንካራ ነው፤ ይሁን እንጂ ጠረጴዛው ሲነቃነቅ ይሰነጠቃል። ሰም ግን በ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ካልሆነ በቀር ስለማይቀልጥ በቦታው ይቆያል፤ ጠረጴዛው ሲነሣም ድንጋዩን ሳይጎዳ ይላቀቃል። ቅኔ የቀመሰ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ቢል አልፈርድበትም። በቅኔ ቤት ሰሙን የገለጠ ወርቁን ያገኛል፤ እዚህ ሰሙን የገለጠ የሚያገኘው ስንጥቅ ብቻ ነው። ወርቁ ከላይ የሚንከባለለው ነው።

ስለ ጨርቁ ብዙ አልልም። በቤልጅግ አገር በቬርቪዬ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1680 የተቋቋመው የሲሞኒስ ቤት የሱፍ ጨርቅ በሙያው ዘንድ የተከበረ ነው፤ የእኛዎቹ ባለሙያ በእጃቸው የነበረው ግን ርካሽ ነበርና እሱኑ በምላጭ፣ በማስቲሽና በብርቱ ክንድ አሳመሩት። ይበልጥ የተጠነቀቁት ለጠርዙ ጎማ ነው። የጎማው ጫፍ ከኳሷ ቁመት 63.5 በመቶ ያህል ላይ፣ ማለትም 57.15 ሚሊ ሜትር ለሆነች ኳስ 36 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ መዋል ይኖርበታል። ከፍ ካለ ኳሷን ወደ ታች ይጫናታል፤ ዝቅ ካለ ያዘልላታል።

ያ ጠረጴዛ ከመታደሱ በፊት ወደ አንደኛው የማዕዘን ኪስ ያጋድል ነበር። ይህን ከሁሉ አብልጦ የሚያውቅ አንድ የሰፈር ወጣት ነበር። ኳሷን ከኪሱ አንድ ጋት አርቆ ይልካታል፤ እሷም እንደ ተጠራች ግልገል ዞራ ትገባለች። ከሌላ ሰፈር የመጣ ሁሉ ገንዘቡን አስረክቦ ይመለስ ነበር፤ ተመልካቹም ሊያየው ይጎርፋል። ሥራው ባለቀበት ምሽት ወጣቱ ለሙከራ ሦስት ጊዜ መታ። ሦስቱንም ጊዜ ኳሷ በተላከችበት መንገድ ቀጥ ብላ ሄደች።

«ጋሼ፣ ጠረጴዛውን አበላሹት እኮ!» አለ።

«ልጄ፣ እኔ የነካሁት ድንጋዩን ነው» አሉት።

የቤቱ ባለቤት ባለሙያውን ወደ ጥግ ወሰዳቸው። የሚለው እስከ እኔ ይሰማ ነበር፤ ከአንዱ እግር በኩል አንዲት ሽብልቅ ወጥታ ነገሩ ትንሽ እንደ ድሮው ቢሆን፣ ደንበኛው እንዳይሸሽበት። በጽሑፉም ዓለም ወደ ራሱ ኪስ ባጋደለ ጠረጴዛ ላይ ጀግና የተባለ ስላልጠፋ፣ መልሳቸውን ለመስማት ጓጓሁ። ባለሙያው አልተቆጡም። «ሽብልቋን ማውጣት ለአንተም አያቅትህም፤ ክሪኩ ያውና። እኔ ግን ከሠራሁ በኋላ አላጣምምም» አሉት። ባለቤቱ ክሪኩን አየው፤ አላነሣውምም። የሥራውን ዋጋ ግን ቀንሶ ከፈላቸው። ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱት።

ወጣቱ አልሄደም። ያችኑ ምት ብቻውን፣ አሁን አንድ ጋት ሳያርቅ፣ ደግሞ ደጋግሞ ሲሞክር ባለሙያው በድስቱ ግድግዳ ላይ የረጋውን ሰም እየፋቁ ወደ ቆርቆሮው መለሱት። ለሚቀጥለው ጠረጴዛ ይበቃል አሉ።