ሳይጠየቁ የሰጡ ልጆች

ሰው ክፉ አስቦ ከተናገረው ቃል ይልቅ በጎ መስሎት የተናገረው ቃል ዕዳ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ አለ። በክፉ ለተናገረው ንስሓ ይገባበታል፤ በጎ ለመሰለው ግን ንስሓ መግባት እንዳለበት እንኳ አያውቅም። እኔም እንዲህ ያለ ዕዳ እንዳለብኝ የተረዳሁት ቃሉን ከተናገርሁ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ነው።

በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በደብሩ ግቢ ከጽዱ ጥላ ሥር ተቀምጬ የተማሪዎቼን ቅኔ ሳርም፥ አንዲት ፈረንጅ ሴት ነጠላዋን ተከናንባ በበሩ ገባች። ተማሪዎቹ ዝም አሉ። እርሷም ቀረብ ብላ «የኔታ፥ እንደምን ሰነበቱ?» አለችኝ። ፊቷን አላወቅሁትም፤ ነገር ግን አማርኛዋ ከመጽሐፍ የተማሩት ሳይሆን በወሎ ሕፃናት መካከል አፍ የፈቱበት አማርኛ ስለ ነበረ ማን እንደ ሆነች ወዲያው ገባኝ። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ መጣሁ፤ ወደ ትምህርት ቤት በሄድሁባት በዚያች ጧት አባቴ በውነት ተኝቶ ነበርን?» አለችኝ።

የዚህን ጥያቄ ክብደት አንባቢ ያውቀው ዘንድ ወደ ኋላ ተመልሼ ነገሩን ከመጀመሪያው መናገር ይገባኛል።

በ1989 ዓ.ም. ዕድሜዬ ሃያ ስድስት ዓመት ነበረ። በጎጃም በዋሸራ ቅኔ ተምሬ ወደ ተወለድሁበት ወደ ወሎ ተመልሼ በደሴ ከተማ ሥራ እፈልግ ነበር። ከከተማው ዳር ከኖርዌይ አገር የመጡ አንድ ሚሲዮናዊና ባለቤታቸው ከሦስት ልጆቻቸው ጋራ ተቀምጠው ወላጅ የሌላቸውን 42 ሕፃናት ያሳድጉ ነበር። ከሕፃናቱም የሚበዙት የኤድስ በሽታ አባትና እናታቸውን የወሰደባቸው ነበሩ። ለእነዚህ ልጆች አማርኛ ንባብና ጽሕፈት የሚያስተምር ሰው ይፈለጋል ተብሎ ተነገረኝ። የምበላው አልነበረኝም፤ ይሁን እንጂ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ሆኜ ከሚሲዮን ግቢ መግባት ከበደኝ። ስለዚህ ወደ ነፍስ አባቴ ሄጄ ምክር ጠየቅሁ። እርሳቸውም «ልጄ፥ ሕፃናቱ የማን ናቸው?» አሉኝ። «የኛ ናቸው፥ አባቴ» አልሁ። «እንግዲያስ ወደ ልጆችህ መሄድ ምን ያስፈራሃል?» አሉኝ።

ሄድሁም። አስቀድሜ ግን በቤተ ክርስቲያናችን የተጠመቁትን በበዓል ቀን ለቅዳሴ እወስዳቸው ዘንድ እንዲፈቅዱልኝ ለሚሲዮናዊው ነገርኋቸው። ጥቂት አሰቡና «እኔ ሌላ በወደድሁ ነበር፤ ነገር ግን እናቱ ትታለት የሞተችውን አንዱን ነገር ከሕፃን እጅ አልወስድም» አሉኝ። ባለቤታቸውም ረቡዕና ዓርብ ለታላላቆቹ ሽሮ እንዲሠራላቸው ወጥ ቤቷን አዘዙ። በእምነት ነገር ስንለያይ ኖረናል፤ ስለ ሕፃናቱ ግን ተጣልተን አናውቅም።

እንዲህ ያለ የሕፃናት ቤት ባገራችን ታሪክ አዲስ ነገር አይደለም። የስዊድን ሚሲዮናውያን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1866 ዓ.ም. ወደ ምጽዋ መጥተው፥ ብዙዎቹ በበሽታ ከሞቱ በኋላ፥ የተረፉት በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ከባሪያ ነጋዴ እጅ የወጡትን ልጆች ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። በ1870 ነፃ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብና በ1886 ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ የዚያ ቤት ልጆች ናቸው፤ በ1899 በኦሮምኛ ታትሞ የወጣውም መጽሐፍ ቅዱስ የድካማቸው ፍሬ ነው። መጻሕፍት ስላሳደጉት ሰዎችና ስላደጉት ልጆች እንዲህ ይነግሩናል። ነገር ግን የአሳዳጊዎቹ የአብራካቸው ክፋይ የሆኑት ልጆች በዚያ ቤት እንዴት እንደ ኖሩ፥ አባታቸውን ስንት ሌሊት እንደ ጠበቁት፥ የሚጽፍ ጥቂት ነው። እኔ ያየሁትም ይህን ነው።

የዚያ ቤት ኑሮ እንዲህ ነበር። ከንጋት በፊት ባለቤቲቱ ተነሥተው እሳቱን ያያሉ፤ ሕፃናቱ ታጥበው ገንፎአቸውን ይበላሉ፤ ከዚያ በኋላ ቍስል የሚታጠብ፥ ልብስ የሚጣፍ፥ ከዘመድ መጣሁ የሚልን ሰው ነገር የሚመረመር ሞልቶ ነበር። ሚሲዮናዊው ቀን ከጤና ጣቢያና ከቀበሌ ሲመላለሱ ይውላሉ፤ ሌሊት ደግሞ በፋኖስ ብርሃን የሒሳቡን መዝገብ ይጽፋሉ፥ ባገራቸው ላሉት ረጂዎችም ደብዳቤ ይልካሉ። ሕፃናቱ ሁሉ «አባባ» ይሏቸው ነበር። የራሳቸውም ልጆች ከሌሎቹ ሰምተው «አባባ» ይሏቸዋል። እንግዲህ የራሳቸው ልጆች አባታቸውን ለብቻቸው የሚጠሩበት ስም አልነበራቸውም ማለት ነው።

ታላቋ ልጅ ስምንት ዓመት ሳይሞላት ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ፥ የሚሲዮናውያን ልጆች ከሚያድሩበት ትምህርት ቤት ተላከች። ወደ ቤቷ የምትመጣው በዓመት ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር። እኔ በልቤ፥ ይህ ሰው አባት የሌላቸውን ልጆች ሰብስቦ አባት ያላትን ልጅ ያለ አባት እንድታድር አደረጋት አልሁ። ደግሞም ራሴን ገሠጽሁ፤ እኔን እናቴ በዘጠኝ ዓመቴ ደበሎ አልብሳ አኩፋዳ አስይዛ ለትምህርት ሰድዳኝ የለምን? ውሻ ሲነክሰኝና በሰው ደጅ ቁራሽ ስለምን እናቴን ጨካኝ አላልኋትም። ስለዚህ ነገሩን በዝምታ አሳለፍሁት።

በ1991 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ልጂቱ ዕረፍቷን ጨርሳ የምትመለስበት ቀን ደረሰ። በዚያው ሰሞን አምስት ዓመት የሚሆናት አንዲት ሕፃን በጠና ታማ ነበር። በሽታው እናቷንና አባቷን የገደለው በሽታ ነው። በዚያን ዘመን መድኃኒቱ በባሕር ማዶ ቢገኝም ለድኻ የሚደርስ አልነበረም፤ ባገራችን በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ሕፃኗ ስትጋደም ትንፋሿ ይቈረጥ ነበርና ሚሲዮናዊው ሌሊቱን ሁሉ በክንዳቸው አቅፈው ቁጭ ብለው አደሩ። ባለቤታቸውም ልጆቹ እንዳይደነግጡ፥ ሕፃኗ ለሞት እንደ ደረሰች ማንም እንዳይነግራቸው አዘዙን።

ሲነጋ በዐሥራ ሁለት ሰዓት መኪናው መጣ። እናቲቱ ሁለቱን ታናናሾች ይዘው ነበርና ሣጥኗን ተሸክሜ እስከ በር የሸኘኋት እኔ ነኝ። ልጂቱ ከመኪናው አጠገብ ቆመችና ወደ ቤቱ ተመለከተች። «የኔታ፥ አባባ የት አለ?» አለችኝ። እኔም «ተኝቷል» አልኋት።

በመስኮቱ ፋኖሱ ገና ይበራ ነበር። አየችው። ምንም አልተናገረችም፤ ወጥታ ተቀመጠች፥ መኪናውም ሄደ። ፀሓይ ከወጣ በኋላ ሚሲዮናዊው የሕፃኗን ብርድ ልብስ በትከሻቸው እንደ ጣሉ እየሮጡ መጡ። መንገዱን አዩት። «አለቀሰችን?» ብለው ጠየቁኝ። «አላለቀሰችም» አልሁ። «ጠንካራ ናት» አሉና ወደ በሽተኛዪቱ ተመለሱ። ሕፃኗ በሦስተኛው ቀን ዐረፈች። በቤተ ክርስቲያናችን የተጠመቀች ስለ ነበረች በደብሩ ቅጽር እንድትቀበር ካህናቱን ለመንሁ። ጸሎተ ፍትሐቱ ሲደረስ ሚሲዮናዊው ጫማቸውን አውልቀው ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመው ነበር።

እኔ ያን ቃል ረሳሁት። ከተማሪ ቤት ያደገ ሰው ለቃል ሰምና ወርቅ ማበጀት ስለሚያውቅ ውሸትም ቢናገር ጨዋ ውሸት ይመስለዋል። እንቅልፍ ከሞት ይቀላል ብዬ አስቤ፥ የከበደውን በቀለለው ሸፈንሁት። ነገር ግን ሕፃን ሰሙን ገልጦ ወርቁን አይፈልግም፤ የሰማውን ቃል እንዳለ ይዞት ያድጋል።

ልጂቱም ይዛው አደገች። ከጽዱ ሥር እውነቱን ስነግራት እግሯ ከዳትና ከሥሩ ላይ ተቀመጠች። «የኔታ፥ ለአርባ ሁለት ልጆች ሌሊት የሚነቃ አባት ለኔ ግን ሊነቃልኝ አልቻለም እያልሁ ኖርሁ። ፋኖሱንም አይቼው ነበር፤ መብራት አብርቶ ተኝቷል፥ ለኔ መነሣት ሰልችቶት ነው አልሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብዳቤ ስጽፍለት እንኳ ልቤን አልጻፍሁለትም። ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አንድ ጊዜ ሳልጠይቀው ሞተ» አለችኝ። ኋላም ቀና ብላ «ለምን ዋሹኝ?» አለች።

ተማሪዎቼ እየሰሙ ነበር። የምመልሰው አልነበረኝም። «ይቅር በዪኝ፥ ልጄ» አልኋት።

ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ የተናገረችው ቃል ግን ከልቅሶዋ ይልቅ ከልቤ ገባ። «ያችን ሕፃን እኔም በጀርባዬ አዝያት ነበር። ነግራችሁኝ ቢሆን ገብቼ እጇን ይዤ፥ አባቴንም ስሜው፥ ደስ ብሎኝ በሄድሁ ነበር። እኔ አባቴን ለርሷ መስጠት አልከፋኝም፤ የከፋኝ መስጠቴን አለማወቄ ነው» አለች።

ወደ መቃብሩ አብረን ሄድን። ምልክቱ ጠፍቷል፤ እኔ ግን በወይራው ዛፍ አውቀው ነበር። የሕፃኗን የክርስትና ስም ነገርኋት። እርሷ በቋንቋዋ፥ እኔም በግእዝ ጸለይን። ቅር ያላትን ሁሉ ትታ ሄደች አልልም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ያደገ ነገር በአንድ ቀን አይነቀልምና።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሚሲዮናዊው ላይ የፈረድሁት እኔ ራሴ ምን እንዳደረግሁ አሰብሁ። እኔም አግብቼ አንድ ወንድ ልጅ ወልጃለሁ። ልጄ ሕፃን በነበረ ጊዜ በግቢዬ ጎጆ ቀልሰው የሚማሩ አርባ ያህል ተማሪዎች ነበሩኝ። የታመመውን ሳስታምም፥ የተጣላውን ሳስታርቅ፥ ሌሊት ዜማውንና ቅኔውን ስሰማ፥ ልጄ በእናቱ እቅፍ አደገ። ከተማሪዎቹ ሰምቶ እኔን «የኔታ» ይለኝ ነበር፤ እኔም ይህን እንደ ትሕትና ቈጥሬ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን በአዲስ አበባ በሥራ ላይ ነው። በማግሥቱ በስልክ ጠራሁት። «ደኅና ነዎት፥ የኔታ?» አለኝ። «ከእንግዲህ የኔታ አትበለኝ» አልሁት። ሳቀ፤ ከዚያም ዝም አለ። «ታዲያ ምን ልበልዎ?» አለኝ። ይህን የሚጠይቅ ልጅ ሃያ ዓመት ያለፈው ሰው ነው።

ካህናትና የከተማ ሊቃውንት ሆይ፥ ይህን የጻፍሁት ሰው ከበጎ ሥራ እንዲቀዘቅዝ አይደለም። ባገራችን ሕግ የውጭ አገር ሰዎች ልጆቻችንን በጉዲፈቻ መውሰዳቸው ከጥር 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቷል፤ እንግዲህ ወላጅ የሌለውን ሕፃን የማሳደግ ነገር ከቀድሞው ይልቅ በኛ ጫንቃ ላይ ነው። አባቶቻችን የሰው ልጅ በጉዲፈቻ ሲያሳድጉ ኖረዋል። ቅዱስ ባስልዮስም በአራተኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ለድኾችና ለሕሙማን ታላቅ ቤት ሠርቷል። ነገር ግን ባስልዮስ መነኵሴ ነበረ፤ ለብዙዎች አባት ሲሆን ከደጅ የሚጠብቀው የራሱ ሕፃን አልነበረም። ሚስትና ልጅ ያለው ሰው ግን ለሌላው የሚሰጠው ሌሊት የርሱ ብቻ አይደለም። ከልጁ ድርሻ ቈርሶ የሰጠው ነው።

ስለዚህ ምጽዋቱ የአባትየው ተብሎ ይጻፍ እንጂ የሰጡት ልጆቹም ናቸው፤ ያውም ሳይጠየቁ የሰጡ ናቸው። ይቀር ዘንድ አልመክርም፤ ይነገራቸው ዘንድ ግን እመክራለሁ። ማታ ወጥተን ስንሄድ ወዴትና ስለ ማን እንደምንሄድ ልጆቻችን ይወቁ። የሚቻል ሲሆን ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ አብረውን ይቁሙ፤ ከኛ ጋራ ይዘኑ። ሕፃን ኀዘንን ይችላል፤ የማይችለው እንዲሁ መረሳትን ነው። የምንሸፍንላቸው ሰዎችም ብንሆን እንደ እኔ በቀላል ቃል ከባዱን አንሸፍን።

እግዚአብሔር ለዚያ ሰው ስለ ነቃበት ሌሊት ዋጋውን ይክፈለው፤ ለልጁም ስለ ሰጠችው አባት ዋጋዋን አይከልክላት። እኔንም ስለ አንዲት ቃሌ ይቅር ይበለኝ። አሜን።