የበርበሬ ጭስ

«አበደ» ስንል ነገሩን የአንድ ሌሊት ሥራ እናስመስለዋለን። ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ ጨርቁን ጥሎ ወጣ ይባላል። ለከፈው፣ ነካው የምንለውም እንዲሁ ነው፤ ከውጭ መጥቶ ድንገት ያረፈበት ነገር። እኔ ግን በዚያ መንገድ ግማሹን ሄጄ የተመለስሁ ሰው ነኝና እንደዚያ ሆኖ አላገኘሁትም።

እናታችን የታመመችው በ1968 ዓ.ም. ነው። እኔ 7፣ ወንድሜ 5 ዓመታችን ነበር። ሐኪሞቹ በኋላ «ስኪዞፍሬኒያ» አሉት፤ ሰፈሩ ግን ቀደም ብሎ ስም አውጥቶለት ነበር። ቤታችን ሲበተን ወንድሜን ደብረ ብርሃን ያለችው አያታችን ወሰደችው። እኔ አዲስ አበባ አንድ ዘመድ ቤት ገባሁ። እዚያ ትራፊ እበላለሁ፤ ማድቤት እተኛለሁ። ይህ ብቻ ቢሆን ስንቱ የአገሬ ልጅ ያለፈበት ነውና ባላነሣሁት። ግርፊያም ቢሆን ያኔ ብርቅ አልነበረም። የበርበሬው ነገር ግን ይለያል። ፍም ላይ በርበሬ ይበተናል፤ እኔ ጎንበስ እንድል ይደረግና ጋቢ ይደፋብኛል። ጥፋቴ አንድ ቀን ብርጭቆ መስበር ነው፤ ሌላ ቀን ደግሞ «ዓይንህ እንደ እናትህ ይቅበዘበዛል» ነው። ከጭሱ ይልቅ የጎዳኝ መቼ እንደሚመጣ አለማወቄ ይመስለኛል። ሰባት ዓመት ሙሉ ኮቴ ሳዳምጥ ኖርሁ።

በ19 ዓመቴ ማታ ማታ ስሜን የሚጠራ ድምፅ መስማት ጀመርሁ። ታክሲ ውስጥ ሰዎች ሲስቁ በእኔ የሚስቁ ይመስለኛል፤ ግማሹ ልቤ ግን «አይደለም» ይላል። በዚያ ግማሽ ልብ ተንጠልጥዬ ሁለት ዓመት ቆየሁ። ጠበልም ሄጃለሁ፤ ሐኪም ቤትም ሄጃለሁ። ድምፁ ቀስ በቀስ ራቀኝ።

ዛሬ ይህ ደፍ ላይ መቆም በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነገር ነው። እነ ፓትሪክ ማክጎሪና አሊሰን ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1994 አውስትራሊያ ውስጥ፣ ሜልቦርን ላይ፣ ለእንዲህ ያሉ ወጣቶች ክሊኒክ ከፍተው ነበር። ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ በ2021 የወጣ ሥራ እንደሚለው፣ ደፉ ላይ ካሉት በ3 ዓመት ውስጥ ሕመሙ የሚጸናባቸው ከአራቱ አንዱ ገደማ ናቸው። የቀሩት ሦስቱስ? መዝገቡ ላይ «አልታመሙም» ተብሎ ያልፋል። እኔ ከእነዚህ ወገን ነኝ። አልታመምሁም። ነገር ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎም ጀርባዬን ለበር ሰጥቼ አልቀመጥም። አለቃዬ «ቢሮ ና» ካለኝ ሆዴ ይታወካል፤ በዚሁ ሰበብ ሦስት ሥራ ለቅቄአለሁ። ባለቤቴ ዝም ስትል ቁጣ ይመስለኛል። እሷም በርበሬ ቤት ውስጥ መቁላት ከተወች ቆየች።

ልጅነቱ ላይ ክፉ የደረሰበት ሰው በሳይኮሲስ የመያዝ ዕድሉ ወደ 3 እጥፍ እንደሚጠጋ በ2012 የወጣ ሰፊ ጥናት አስልቷል። መደፈር፣ መደብደብ፣ ችላ መባል፣ የእኩዮች መሳለቂያ መሆን ሁሉ በስሌቱ ገብቷል። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት፣ ሁልጊዜ አደጋ የሚጠብቅ ሕፃን ሰውነቱ የማንቂያ ደወሉን ሳያጠፋ ያድጋል፤ ኋላ ተራው ኮሽታ፣ ተራው ሳቅ ሁሉ መልእክት ያዘለ ይመስለዋል። እኔ ለዚህ ምስክር አያሻኝም።

ይሁንና ማጋነን አልወድም። ተሞላቅቆ ያደገም ይታመማል፤ የእንዲህ ያለውን ልጅ እናት «አንቺ ነሽ» ማለት ሌላ ጭካኔ ነው። ስለ ደምና ስለ አስተዳደግ ያነበብሁት ደህና ነገር የፊንላንዶቹ ሥራ ነው። ፔካ ቲየናሪና ባልደረቦቹ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው እናቶች ወልደዋቸው በማደጎ ያደጉ ልጆችን ለብዙ ዓመታት ተከታተሉ። የሚበዙት ሕሙማን የተገኙት በደም ሥጋት ካለባቸው መካከል፣ ንትርክ የነገሠበት ቤት ያደጉት ዘንድ ነው። ያው ሥጋት እያለባቸው ሰላም ያለበት ቤት የገቡት ግን ብዙዎቹ ድነዋል።

ወንድሜ ደብረ ብርሃን መምህር ነው። እንቅልፉ እንደ ድንጋይ ነው። በእርግጥ ሁለት ወንድማማች ጥናት አይሆንም፤ ቢሆንም ለበዓል ሲመጣ ሳሎን ውስጥ በሩን ከፍቶ ሲያንኮራፋ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።

ልጄ ዘንድሮ 17 ሞላት። የአያቷን ሕመም ነግሬአታለሁ፤ የእኔንም ጥቂት ጥቂት። ዕድሜዋ ያስፈራኛል፤ ብቻዋን ስታወራ የሰማሁ ሲመስለኝ ኮሪደር ላይ እቆማለሁ፤ ስልክ እያወራች ነው። ባለፈው ሰሞን ስለ ማምሸቷ ተቆጣኋት። ዓይኔን እያየች መለሰችልኝ፤ ጮኸችብኝ፤ በሩንም ወርውራ ገባች። ባለቤቴ «ይህቺ ልጅ ባለገች» አለች። እኔ ግን መቼ እንደዚያ ደስ ብሎኝ እንደሚያውቅ አላስታውስም።