ያቺ «ነበር»

እንጀራዬ የውጭ መግለጫዎችን ወደ አማርኛ መመለስ ነው። «ሁለቱ ወገኖች ወደ ድርድር ቢመለሱ እንመርጥ ነበር» የሚል ትርጉም ባየሁ ቁጥር ያመኛል። አንባቢ ምን ይረዳል? ነገሩ አበቃለት፣ ዕድሉ አመለጠ ብሎ ነው። እንግሊዝኛው ግን «ዊ ዉድ ፕሪፈር ኢት ኢፍ ዘይ ሪተርንድ» ነው የሚለው። «ሪተርንድ» የኃላፊ ጊዜ ቅርጽ ይያዝ እንጂ የሚያወራው ስለ ነገ ነው፤ ኃላፊው የገባው ንግግሩን ለማለዘብ ነው። አማርኛው «ቢመለሱ እንመርጣለን» ነው፣ አለቀ። በእውነት ስላለፈው ሲያወሩማ «ዉድ ሃቭ ፕሪፈርድ» ይላሉ፤ ያኔ እኛም «ቢመለሱ ኖሮ» ብለን «ነበር»ን በቦታዋ እናስገባለን።

ዘዴው ለእኛም እንግዳ አይደለም እኮ። ቢሮ ገብተን «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር» ስንል፣ ፍላጎታችን ገና ከእኛው ጋር ነው።

ልስላሴው ግን አያታልላችሁ። አለቃ በእንግሊዝኛ «ቀድመህ ብትደውል እመርጣለሁ» ካለ ደውል ማለቱ ነው። የኤምባሲ መግለጫም ብዙ ጊዜ እንዲያው ነው፤ ለስላሳ ቃል፣ ጠንካራ ጉዳይ። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን በአንዲት «ነበር» የተነሳ ግፊቱ ቁጭት ይመስልና፣ ድርድሩ ገና ክፍት ሆኖ ሳለ «እጃቸውን አወጡ፣ ጥለውን ሄዱ» እያልን ሻይ ቤት እንጨቃጨቃለን።